በቃሉ ጠይቋል

በቃሉ የከተማ ስም ሲነሳ መጀመሪያ የሚታየው ድስት ነው። ሌላው ሰው ባምባሲ ሲባል መናኸሪያው ወይም ዘመዱ ትዝ ይለው ይሆናል፤ እሱ ግን የማን ሽሮ ጥሩ እንደሚንተከተክ፣ የማን በርበሬ እንደሚያስነጥስ፣ የትኛዋ ባለቤት የትናንቱን ትራፊ ዛሬ አሙቃ እንደምታቀርብ ነው የሚያስበው። የሠላሳ ዓመት የመንግሥት ሾፌር ነው። ወገቡ አልቋል። ግራ ጉልበቱ ፍሪሲዮን በረገጠ ቁጥር ይንቋቋል፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ፊት ለፊት ስትመጣበት ዓይኑ እንባ ያቀርራል። ጡረታ ሊወጣ አምስት ወር ቀርቶታል። የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ከበቃሉ አካል ያላረጀው ምላሱ ብቻ ነው እያሉ ያሾፉበታል።

ማሾፉን ያሹፉ፤ ምሳ ሰዓት ሲደርስ የሚጠይቁት ግን እሱን ነው። አሶሳ መናኸሪያ አጠገብ ያለው የሳሊማ ምግብ ቤት ከሁለት ረዣዥም ጠረጴዛዎች ሌላ የለውም። ለብቻዬ ልብላ የሚል ሰው እዚያ አይገባም፤ ቢገባም አይሆንለትም። ከማያውቀው ሰው ጋር ትከሻ ለትከሻ ተጋፍቶ ወይ ፉል ወይ የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ ይበላል፤ ሳሊማና ወገኖቿ በርታዎች ባሚያውን ከንከሴ ይሉታል። በዚያ ጠረጴዛ የተቀመጠ ሁሉ ያወራል፤ የሚያወራው ደግሞ አሁን ስለሚበላው ሳይሆን ሌላ ቦታ ስለበላው ነው።

«ሸርቆሌ ልሄድ ነው፣ ጋሽ በቃሉ» ይላል አንዱ።

«የስደተኞች ካምፑ ጋ ሳትደርስ ማንጎ ዛፍ ሥር ኪስራ የምትጋግር ሴት አለች። ኪስራው ስስ ነው፣ ወረቀት ነው የሚያህለው። ከስድስት ሰዓት በኋላ ከደረስክ ግን ዛፉን ብቻ ነው የምታገኘው።»

«ዓሣስ የት ይሻላል?»

«ዳቡስ ድልድይ። ግን ሲጠበስ ቆመህ እይ። ዘይቱ ጠቁሮ ካየኸው ዳቦ በሻይ ብላና መንገድህን ቀጥል።»

«ገነተ ማርያምስ?»

እዚህ ላይ በቃሉ ጉንጩን ያሻሻል። «ገነተ ማርያም ሰንበቴ የምትባል ሴት ነበረች። እንደ እሷ ዶሮ የሚሠራ አላየሁም። አሁን ትኑር አትኑር አላውቅም፤ መንገዱ በጸጥታው ምክንያት ከተዘጋ ወዲህ በዚያ አልሄድኩም።» ይህ «ነበረች» የሚሉት ቃል በዝርዝሩ ውስጥ ከዓመት ዓመት እየበዛ መጥቷል። ግማሾቹ ቤቶች ተዘግተዋል፣ ባለቤቶቹ ተሰደዋል፣ አንዳንዶቹም የት እንደገቡ የሚያውቅ የለም። እሱ ግን አሁንም ይቆጥራቸዋል፤ ሲቆጥራቸውም ይደክመዋል።

ይህን ሁሉ ማስታወስ ከምን አመጣው ቢባል መልሱ ረሃብ ነው። በሰባ ሰባት ከወሎ ተጭነው ከመጡት ሰፋሪዎች አንዱ ነው፤ ያኔ አሥራ ስምንት ዓመቱ ነበር። የመጣበት መኪና ሲያራግፈው ቀርከሃውን አይቶ ጫካ ብቻ መሰለው። የቀርከሃ ለጋ ቡቃያ እንደሚበላ፣ ምሬቱ እስኪወጣ ሁለቴ ተቀቅሎ ውሃው መደፋት እንዳለበት ያሳየችው አንዲት የበርታ ሴት ነበረች፤ ቋንቋ ስላልነበራቸው በእጇ ነው ያሳየችው። የጠገበ ሰው የበላበትን ቤት ይረሳል። በቃሉ እስከ ዛሬ ከበላባቸው ቤቶች አንዱን እንኳን አልረሳም።

ሰው የሚተማመንበት ግን ለጣዕም ብቻ አይደለም። በአገራችን ክርስቲያኑ የሙስሊም እርድ፣ ሙስሊሙም የክርስቲያን እርድ አይበላም። ይህን ማንም እንደ ጠብ አይቆጥረውም፤ አባት አያቶቹ የኖሩበት ነው። ችግሩ የሚመጣው መንገድ ላይ ነው። የገጠር ምግብ ቤት ማስታወቂያ አይሰቅልም፤ ድስት ደግሞ ሃይማኖቱን አይናገርም። ሽሮ ብለህ ያዘዝከው ውስጥ የሥጋ መረቅ ሊኖር ይችላል። ባሚያ ብለህ ያዘዝከው ውስጥም ደርቆ የተወቀጠ ሥጋ ዱቄት ሆኖ ሊገባ ይችላል፤ ዓይን አያየውም።

አብዱልረሂም የከብት ክትባት ባለሙያ ነው። በርታ ነው፣ የአሶሳ ዙሪያ ተወላጅ። የእንስሳት ሐኪም ባይሆንም መርፌ ስለያዘ ገበሬው ሁሉ «ዶክተር» ይለዋል፤ በቃሉም ከገበሬው ለምዶ ዶክተር ይለዋል። ሁለቱ ለሃያ ሁለት ዓመት በአንድ መኪና መስክ ወጥተዋል፤ ሃያ ሁለት ዓመት ከአንድ ትሪ በልተዋል፤ በዚያ ትሪ ላይ አንድ ቀን ሥጋ ወጥቶ አያውቅም። ዓሣ፣ ፉል፣ እንቁላል፣ ምስር፣ ባሚያ። ውላቸውን የገቡት በመጀመሪያው ሳምንት ነው። በሙስሊም ቤት አብዱልረሂም ይጠይቃል፤ በክርስቲያን ቤት በቃሉ ይጠይቃል። ምክንያቱም ባለቤቷ ለእንግዳ «የለበትም» ብላ ልትሸጥ ትችላለች፤ የራሷን ሰው ግን አትዋሽም። አንዱ ከጠየቀ ሌላው አይጠይቅም። እጁን ታጥቦ ይበላል።

ባምባሲ ላይ እታለም የምትባል የሰፋሪ ልጅ ምግብ ቤት የከፈተች ጊዜ በቃሉ ለመጀመሪያ ጊዜ የገባው በሁዳዴ ነበር። እንደ ልማዱ ጓዳ ድረስ ዘልቆ ጠየቀ።

«ምስሩ የጾም ነው?»

«የጾም ነው፣ ጋሼ።»

በሉ። ጥሩ ምስር ነበር። የክትባቱ ፕሮግራም ረቡዕና ዓርብ ስለሆነ ከዚያ ወዲያም የሚሄዱት ረቡዕና ዓርብ ብቻ ነው፤ ሥራውም የበጋ ሥራ በመሆኑ ጾም በሌለበት በበዓለ ሃምሳ ባምባሲን አይረግጧትም። እንግዲህ ሦስት ዓመት ሙሉ እታለም ቤት የበሉት በጾም ቀን ነው ማለት ነው። በቃሉ አንድ ጊዜ ጠይቋል፤ አንዴ የተጠየቀ ቤት ተጠየቀ ነው።

ከዚያ ገበሬዎቹ አመለከቱ። አብዛኞቹ ሙስሊሞች ናቸው፤ ዓርብ ከብት ሲያስከትቡ ጁምዓ እያመለጣቸው ተቸገሩ። ማመልከቻውን የጻፈላቸው አብዱልረሂም ራሱ ነበር። መሥሪያ ቤቱም ተቀበለና ፕሮግራሙ ወደ ማክሰኞና ሐሙስ ዞረ። ደግ ሥራ ነበር፤ ማንም የተቃወመው የለም።

ማክሰኞና ሐሙስ ታዲያ የእታለም ምስር ጣፈጠ። ደጋግ ሰዎቼ፣ የሚያሳፍረው ነገር ይህ ነው። የበቃሉ ምላስ ለውጡን በመጀመሪያው ጉርሻ አውቆታል። ምስሩ ወፈር ብሏል፣ ከጉሮሮ ሲወርድ ልስልስ ይላል፣ ጣት ላይ ይቀራል። ይህቺ ልጅ ሽንኩርቷን በደንብ ማቁላላት ጀመረች ብሎ ደስ አለው። ሥራ የሰለቸው፣ ወገቡን የሚያመው፣ ከመቀመጫው ተነስቶ ጓዳ መዝለቅ ተራራ የሆነበት ሰው ነው፤ ደስ ብሎት በላ። አሶሳ ተመልሶም በሳሊማ ጠረጴዛ ላይ ሰበከ።

«ባምባሲ ከሄዳችሁ እታለም ጋ! ለሙስሊምም ለክርስቲያንም የሚሆን ቤት ነው። ምስሯን ቅመሱና ስሜን ጥሩ።»

ሄዱ። ማንጎ ነጋዴው ማህጁብ ሚስቱን ይዞ ሄደ። ሌሎችም ሄዱ። እየተመለሱ ስሙን እየጠሩ አመሰገኑት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ የበቃሉ ቃል ግን አፋፉን አልፎ ባምባሲ ደርሶ በየሰዉ ሆድ ገብቷል።

ያለፈው ጥር በአንዱ ማክሰኞ የፒክአፑ ራዲያተር ውሃ ጨረሰ። በቃሉ ጀሪካን ይዞ ከእታለም ቤት ጀርባ ዞረ። እታለም ጎንበስ ብላ ምስሩን ታማስላለች። ማማሰያው ከድስቱ ሲወጣ የክንድ ርዝመት ያለው ቅልጥም ይዞ ወጣ፤ እሷም አራግፋ ወደ ድስቱ መለሰችው።

በቃሉ ጀሪካኑን መሬት አስቀመጠ። «ይኼ ምንድነው፣ እታለም?»

«ቅልጥም ነዋ። ጣዕሙ ከየት የሚመጣ መሰለህ፣ ጋሼ?»

«የጾም ነው አላልሽኝም?»

«እንዴ! ዛሬ ማክሰኞ አይደል እንዴ? በፍስክ ቀን ደረቅ ምስር ሠርቼ ማን ይበላልኛል?» ፊቱን ስታየው ሳቋ ቆመ። «ምን ሆንክ?»

«ዶክተሩ ሙስሊም ነው።»

እታለም ማማሰያውን እንደያዘች ቀረች። «በወላዲቷ! ዶክተር ዶክተር ስትለው እኔ ምን አውቃለሁ? ስሙን አንድ ቀን ጠርተህልኝ ታውቃለህ? ብትጠይቀኝ እኮ እነግርህ ነበር፣ ጋሼ። ብትጠይቀኝ።»

እውነቷን ነው፤ የሚያናድደውም እውነቷን መሆኗ ነው። በቃሉ ውሃውን ሳይቀዳ ወደ ውጭ ተመለሰ። አብዱልረሂም እጁን ታጥቦ፣ እጅጌውን ሰብስቦ እየጠበቀ ነበር።

«ምስሩ ዛሬ ተቃጥሏል» አለው በቃሉ።

«ዕድላችን ነው» አለ አብዱልረሂም፤ ዳቦ በሻይ በልተው፣ ራዲያተሩንም ከሻይ ቤቱ ውሃ ሞልተው ወጡ።

ያን ዕለት ሲነዳ ቆጠረ። ሁለት በጋ። ከሁዳዴው ውጭ ያሉት ማክሰኞዎችና ሐሙሶች። ሠላሳ ሲደርስ ተወው። በመንገዱ ሁሉ አሁን እነግረዋለሁ፣ ይህን ኩርባ ካለፍን እነግረዋለሁ፣ አስፋልቱ ጋ ስንደርስ እነግረዋለሁ ሲል አሶሳ ደረሱ። አብዱልረሂም ወርዶ «ደህና እደር» አለው፤ እሱም «ደህና እደር» አለ።

በነጋታው አብዱልረሂም ቢሮ ደጃፍ ላይ ደስ ብሎት ያዘው። ልጁን ዓፊያን ከቤጊ በኩል ጠይቀዋታል። ሽማግሌዎቹ እሑድ ይመጣሉ፤ ከመካከላቸው አንድ ትልቅ ሼኽ አሉ። አብዱልረሂም ባምባሲ ድረስ ሄዶ ተቀብሎ፣ ምሳ አብልቶ ወደ አሶሳ ያመጣቸዋል። አብዱልረሂም አፉን የፈታው በበርታ ቋንቋ ነው፤ በአማርኛ ወንድና ሴት፣ ትልቅና ትንሽ አይለይም፤ ሁሉም ለእሱ «እሱ» ነው።

«ሼኹ በጣም ሽማግሌ ነው» አለ። «ከቤቱ ውጭ የታረደ ሥጋ አይበላም። የሙስሊም ቢሆንም አይበላም። ምስር ብቻ ይበላል። እኔ እታለም ጋ ወስደዋለሁ። እታለም ጥሩ ሰው ነው።»

በቃሉ ወደ መኪናው ሄዶ በሩን ዘጋና ለእታለም ደወለ።

«እሑድ ሰዎች ይዞ ይመጣል። አጥንት እንዳታገቢ። በእናትሽ።»

«አዲስ ድስት ነው የምገዛው» አለች እታለም። «ማማሰያውንም እቀይራለሁ። ግን ጋሼ፣ ሰውየው ያለፈውን ያውቃል?»

«ያለፈውን ሆድ ይፍጀው» አላትና ስልኩን ዘጋ።

ነገሩ ተበጅቶ ነበር። እውነቱን ለመናገር ማንም አይደርስበትም ነበር። እሑድ ምስሩ ንጹሕ ይሆናል፣ ሼኹ ይበላሉ፣ ዓፊያ ትዳራለች፣ በቃሉም በአምስት ወሩ ጡረታውን ይዞ ቤቱ ይገባል። ሐሙስ ክትባቱ ስላልደረሰ መስክ አልወጡም፤ ይህንንም እግዜር የሰጠው እረፍት አድርጎ ቆጠረው። ግን ሲተኛም ሲነሳም ደከመው። በሕይወቱ ብዙ ደክሟል፤ እንዲህ ያለ ድካም ግን አያውቅም፤ የሚወርድለት ሸክም አልነበረም።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ የሳሊማ ቤት ጢም አለ። በቃሉ ከአብዱልረሂም ጎን ተቀመጠ፤ ፊት ለፊታቸው ማህጁብ፣ ከማህጁብ ቀጥሎ ሰራዊት የሚባል ከአዲስ አበባ አዲስ የተመደበ መሐንዲስ። አብዱልረሂም ገና ሲቀመጥ እንደ ሁልጊዜው ወደ ጓዳ ተጣራ።

«ያ ሳሊማ! ዛሬ ዓርብ ነው፣ የበቃሉ ጾም ነው። ፉል ላይ ቅቤ እንዳይነካ። ማንኪያውም ሌላ ይሁን።»

«ኻላስ፣ አውቃለሁ!» አለች ሳሊማ ከውስጥ። «ሃያ ዓመት ትነግረኛለህ።»

በቃሉ ቀና ማለት አቃተው። ሰራዊት ደግሞ ስልኩን አውጥቶ ለመጻፍ ተዘጋጅቷል።

«ጋሽ በቃሉ እርስዎ ነዎት አሉኝ። ሰኞ ባምባሲ እሄዳለሁ፤ የት ልብላ?»

«እሱን መጠየቅ አያስፈልግም» አለ ማህጁብ አፉ ሞልቶ። «እታለም ጋ! ወላሂ እንደዚያ ያለ ምስር እናቴም አልሠራችም።»

«እኔም እሑድ እዚያ ነኝ» አለ አብዱልረሂም፤ ስለ ሽማግሌዎቹ ለጠረጴዛው ሁሉ አወራ። ሰዉ እንኳን ደስ አለህ አለው። እሱም ፉሉን በዳቦ እየጠረገ ቀጠለ። «ለሼኹ በስልክ ነገርኩት። ቤቱ የክርስቲያን ነው፣ ግን ምስሩ ንጹሕ ነው አልኩት። ማን ጠየቀ አለኝ። በቃሉ ጠይቋል አልኩት። በቃሉ ማነው አለኝ።» ዳቦውን አስቀምጦ እጁን ከንፈሩ ላይ አደረገ። «አፌ ነው አልኩት።»

ሰዎቹ ሳቁ። በቃሉ አልሳቀም።

«አልጠየቅኩም» አለ።

«ምን?»

«እታለምን። መጀመሪያ ሁዳዴ ላይ ጠየቅኩ፤ ከዚያ ወዲህ አልጠየቅኩም። ቀኑ ወደ ማክሰኞና ሐሙስ ሲዞር መጠየቅ ነበረብኝ። በፍስክ ቀን ምስሩ ውስጥ ቅልጥም ታገባለች። የክርስቲያን እርድ። ሁለት ዓመት ሙሉ በልተሃል፣ ዶክተር። እኔ ነኝ ያበላሁህ።»

ማህጁብ ማኘኩን አቆመ። ከዚያ ወንበሩን በእግሩ ገፍቶ ተነሳ። «ሚስቴን ይዤ ሁለቴ በልቻለሁ!» አለ ጮክ ብሎ። «በአንተ ቃል! ለሁሉም ይሆናል አላልክም?» መልስ አልጠበቀም፤ ውጭ ወዳለው በርሜል ሄዶ አፉን ሲጉመጠመጥ ድምፁ እስከ ውስጥ ተሰማ። ሰራዊት ስልኩን ቀስ ብሎ ኪሱ ከተተ። ሳሊማ ጭልፋዋን እንደያዘች ከጓዳው በር ብቅ አለች።

አብዱልረሂም አልጮኸም። ቢጮኽ ይሻል ነበር።

«መቼ አወቅክ?» አለ።

«ማክሰኞ።»

«ምስሩ ተቃጥሏል ያልከኝ ቀን።»

«አዎ።»

«ዛሬ ዓርብ ነው።» በጣቱ ጠረጴዛው ላይ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት አለ። «ረቡዕ ስለ ሼኹ ስነግርህ ታውቅ ነበር።»

«አውቅ ነበር። ለእታለም ደወልኩላት፤ ለእሑድ አጥንት እንዳታገባ፣ አዲስ ድስት እንድትገዛ…»

«እኔ እንዳልሰማ» አለ አብዱልረሂም።

በቃሉ ይቅርታ ሊል ፈለገ፤ ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ ቃሉ አነሰበት። አብዱልረሂም እጁን ታጠበ፤ ቀስ ብሎ፣ እስከ ክርኑ ታጠበ፤ ከዚያ የሁለቱንም የፉል ሂሳብ እንደ ዓርብ ልማዱ ከፍሎ ወጣ። በቃሉ ፉሉ ፊት ለፊቱ እስኪቀዘቅዝ ተቀመጠ። ሳሊማ መጥታ ትሪውን አነሳች። «ብላ እንጂ፣ ወንድሜ» አለችው፤ ግን ትሪውን ይዛ ሄደች።

እሑድ አብዱልረሂም ሽማግሌዎቹን ባምባሲ ላይ ተቀብሎ እታለም ቤት ሳይቆም አለፈ። ሙዝና ብስኩት ገዝቶ በመኪና ውስጥ አበላቸው፤ አሶሳ ቤቱ ሲደርሱ ሚስቱ ማሪያም የጎደለውን ሞላች። የዓፊያ ነገር በደህና አለቀ። እታለም አዲሱን ድስት ገዝታ ለብቻው ምስር መሥራት ጀምራለች፤ ለሚገባ ሁሉ ሳይጠይቃት ትናገራለች። ግን ከአሶሳ የሚሄዱት ሙስሊሞች ወደ እሷ አይዞሩም። በቃሉ ለዚያም ጥፋተኛ እሱ መሆኑን ያውቃል። በሳሊማ ጠረጴዛ አሁንም የሚጠይቀው አይጠፋም፤ የቤት ስም ሲናገር ግን ከወዲያ ጫፍ አንዱ «ጠይቀሃል?» ይላል፤ ጠረጴዛው በሙሉ ይስቃል። እሱም አብሮ ይስቃል። ሌላ ምን ያድርግ?

ክትባቱ የደረሰው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ማክሰኞ ማለዳ በቃሉ መኪናውን አስነስቶ ዶክተሩ ይመጣ ይሆን ወይስ ሌላ ሾፌር ጠይቆ ይሆን እያለ በግቢው በር ጠበቀ። አብዱልረሂም የመድኃኒቱን ሳጥን ተሸክሞ መጣ፤ እንደ ሁልጊዜው ጋቢና ገባ፤ እንደ ሁልጊዜው ጫማውን አውልቆ እግሩን ዘረጋ።

«ለሼኹ ነገርኩት» አለ ከከተማ ሲወጡ። «ሁሉንም። ያላወቀ አይጠየቅም አለኝ። ሳቀ። አንተም ተወው፣ በቃሉ። አልቋል።»

በቃሉ መሪውን አጥብቆ ያዘ። ለማልቀስ ትንሽ ቀረው። መንገዱ አቧራ ነበር፣ ወገቡም ያመው ነበር፤ ግን ከብዙ ቀን በኋላ ትከሻው ወረደለት። አልቋል አለ ለራሱ። እስከ ቀትር ከብቶቹን እየያዘ አገዘው፤ ሾፌር የማይሠራውን ሥራ ሁሉ ሠራ። አብዱልረሂም በአማርኛው ቀለደበት፣ ገበሬዎቹም ሳቁ።

ምሳ የበሉት መንገድ ዳር ባለች፣ በር ላይ መስቀል የተሳለባት አንዲት ጠባብ ቤት ነው። ሁለቱም ገብተውባት አያውቁም። ባለቤቷ ጸሐይ ትባላለች። አተር ክክ አለኝ አለቻቸው። በቃሉ ተነሳ። ጉልበቱ ተንቋቋ። ጓዳውን አልፎ ድስቱን በዓይኑ ሊያይ፣ ማማሰያውንም ሊያሸት ቆርጧል፤ ከእንግዲህ እስኪሞት ድረስ ይጠይቃል።

ግን ገና ሁለት እርምጃ ሳይሄድ ከኋላው ድምፅ ሰማ። አብዱልረሂም ተቀምጦ ባለበት አንገቱን አስግጎ በዚያ ወንድና ሴት በማይለየው አማርኛው ሴትዮዋን ይጠይቃል።

«እህቴ፣ ይቅርታ አድርግ። ይህ ክክ ውስጥ ሥጋ አለ? መረቅ አለ? ድስቱ ሥጋ ይሠራበታል?»

«የለበትም፣ ወንድሜ። በዘይት ነው። ድስቱም የክክ ብቻ ነው።»

«አላህ ይስጥህ» አላት።

በቃሉ ጓዳው ጋ ሳይደርስ ባለበት ቆሞ ቀረ። አብዱልረሂም በክፉ አላደረገውም፤ ፊቱ ላይ ምንም ቂም አልነበረም። ትሪው መጣ። አብዱልረሂም ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀለት፣ ከእንጀራው ቆርሶ በክኩ ጠቅልሎ በቃሉን በእጁ አጎረሰው።

«ብላ፣ በቃሉ» አለው። «ሥጋ የለበትም። ጠይቄያለሁ።»